ለትርሲት ያልተረጎምኩላት

ይህን እስከዚህ ዓመት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለፓስተራችን አልነገርኩም። በጸሎት ቡድናችን እህቶች ተራ በተራ ድካማችንን ስንናገር እንኳ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መፍታቴን እየዘረዘርኩ ይቺን አንዷን እዘላት ነበር። አሁን ለእናንተ የምጽፈው ፊታችሁ ስለማይታየኝ ሊሆን ይችላል።

ያደረግሁት ነገር ሲነገር አጭር ነው። የወንድሜ ሚስት ትርሲት ልጅ ፈልጋ ወደ አንዲት ቻይናዊት የባህል ሐኪም ስትመላለስ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ አንድ ቀን አንድ ነገር አለች፤ እኔ ለትርሲት ሌላ ነገር ነገርኳት። ሰው አልገደልኩም፣ የሰው ዕቃ አልወሰድኩም እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ግን በእርግጥ አልወሰድኩም?

ጌታሁን ታናሽ ወንድሜ ነው። ወደዚህ አገር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ ያስወጣሁት፣ የኤርፖርት ሹፌርነት ሥራውንም ያገኘሁለት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ሄዶ ትርሲትን አገባ፤ ወረቀቷ ሲያልቅ መጣች። ዌስት አዳምስ የሚባል ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ብዙም ሳይርቁ ተከራዩ። እሷ እንግሊዝኛ ስለማታውቅ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የአገራችን ሰዎች ሱቆች በአንዱ በርበሬና ሽሮ እየመዘነች መሸጥ ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን “እትዬ ማርታ፣ እርስዎ” ትለኝ ነበር። “እዚህ አገር እርስዎ የለም፣ ተይው” አልኳት። እርስዎውን ተወችው፤ እትዬውን ግን አልተወችም።

የወር አበባዋ እንደ ልቡ ነበር። አንዳንዴ ሁለት ወር ይጠፋና፣ ሲመጣ ወገቧን ቆርጦ ይዞ ከሱቁ ጓዳ ጆንያ ላይ ያስተኛታል። ሆስፒታል በአልትራሳውንድ አይተዋት “ማህፀንሽ ላይ የሚታይ ችግር የለም፣ ታገሺ” አሏት። ከዚያ በላይ ያለውን ምርመራ ኢንሹራንሷ አይሸፍንም ነበር። ከተጋቡ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ልጅ የለም። ታዲያ ከቤተ ክርስቲያናችን እህቶች አንዷ “እኔን ከዚያ ሕመም የገላገሉኝ ቻይናዎቹ ናቸው” ብላ የሐኪሟን አድራሻ ሰጠቻት። ሌሎቹ ነገሩ መንፈስ እንዳይኖርበት ሲጠራጠሩ “ቅጠልና ሥር ነው፣ ምን መንፈስ አለው?” ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ፓሳዴና አንድ ክሊኒክ በሽተኛ እመዘግብ ስለነበር የሕክምና ነገር ሲነሳ ሰው ይሰማኛል።

ሱቁ ከፓሳዴና ወደ ምሥራቅ፣ የሱቅ ስም ሁሉ በቻይንኛ በተጻፈበት ሰፈር ነበር። አንድ ላውንድሪና አንድ ዳቦ ቤት መሀል ገብቷል። ስንገባ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ግድግዳው ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ የእንጨት መሳቢያ ብቻ። ሽታው ቅመም ተራ የገባሁ አስመሰለኝ፤ አንዱንም ቅመም ግን አላውቀውም። በእያንዳንዱ መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት እጄን በላኝ።

ሚስስ ሊን ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ቀጠን ያለች፣ ዕድሜዋ ስድሳውን ያለፈ ሴት ነበረች። አገሯ ተምራ እዚህም ፈቃድ አውጥታ ነው የምትሠራው። እንግሊዝኛዋ አጭር አጭር ነው፤ ግን ቃል አታባክንም። የትርሲትን እጅ ትንሽዬ ትራስ ላይ አስቀምጣ ሦስት ጣቶቿን አንጓዋ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ሌላኛውን እጅ ያዘች። ሐኪም ቤት ስንት ዓመት ተቀምጬ እንደዚህ ረጋ ብሎ የሰው እጅ የሚይዝ አላየሁም። ምን እየሰማች ነው? ከአንድ የደም ሥር ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ይሰማል?

“ምላስሽን አውጪ በያት” አለችኝ። ቀጥላ ጠየቀች። ደሙ ይጠቁራል ወይስ ይቀላል? ይረጋል? እግሯን ይበርዳታል? እንቅልፍስ? እኔ እጠይቃለሁ፣ ትርሲት ግድግዳውን እያየች በሹክሹክታ ትመልሳለች።

“እትዬ፣ ይሄን ለእናቴም ነግሬያት አላውቅም” አለችኝ።

“እኔን ምላስ ብቻ አድርጊኝ፤ አልሰማሁሽም” አልኳት። እውነትም ያን ጊዜ ምላስ ብቻ ነበርኩ። የተባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርስ ነበር።

በመጨረሻ ሚስስ ሊን ማህፀኗ ቀዝቅዟል አለች። በእነሱ ሕክምና ብርድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ደሙም በደንብ አይዘዋወርም ማለት ነው። ስተረጉምላት ትርሲት ሳቀች። “እማዬም ብርድ መትቶሽ ነው ትለኝ ነበር” አለች። ይህንንም ለሚስስ ሊን ተረጎምኩላት፤ እሷም ሳቀችና “እናቷ ጥሩ ሐኪም ናት” አለች።

ከየመሳቢያው እየቆነጠረች በእጅ ሚዛን እየመዘነች ወረቀት ላይ ትደፋለች። የአንጀሊካ ሥር፣ የፒዮኒ ሥር፣ ቀረፋ፣ የደረቀ ዝንጅብል፣ ቀይ የተጨማደደ የቻይና ቴምር። “ደሟ በብዛት በሚፈስባቸው ቀናት አትጠጣ። የሆስፒታል መድኃኒት ከጀመረች ትንገረኝ። ያረገዘች ከመሰላት ያን ቀን አቁማ ትደውል” ብላ አስጠነቀቀችን። ትርሲት ቤቷ በሸክላ ድስት ስታፈላው ጌታሁን መስኮት ይከፍታል። አፍንጫዋን ይዛ ትጨልጠውና “ከኮሶ ይብሳል” ትላለች። ግን አንድም ቀን አላስተጓጎለችም።

ከወራት በኋላ የወር አበባዋ ቀኑን ጠብቆ መምጣት ጀመረ። ሕመሙም ቀለላት። መድኃኒቱ ነው? ዕረፍቱ ነው? አንድ ሰው እጇን ይዞ ስላዳመጣት ነው? አላውቅም፤ የማላውቀውን አልመሰክርም። እርግዝናው ግን አልመጣም።

አሁን ስለ እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እነዚያ ቅዳሜዎች ለእኔ የሳምንቱ ምርጥ ቀን ነበሩ። ከባሌ ተለያይቻለሁ፤ ልጄ ሌላ ስቴት ይማራል። ትርሲትን ከቤቷ አነሳና ድራይቭ እያደረግሁ እናወራለን። ስንመለስ ከዳቦ ቤቱ በጣፋጭ ባቄላ የተሞላ ዳቦ ገዝተን መኪና ውስጥ እንበላለን። ሚስስ ሊንን ስለየመሳቢያው እጠይቃታለሁ፤ እሷም እየከፈተች ታስሸትተኛለች። አንድ ቀን የእኔንም እጅ ያዘች። “ያንቺ የወር አበባ ሊሄድ ነው” አለችኝ። “ይመለስ ይሆን?” ብላት “ለምን? ሥራውን ጨርሷል፤ በሰላም ሸኚው” አለችኝ። ትርሲት ምን እንዳለች ስትጠይቀኝ “እርጅና መጣ አለችኝ” ብያት በሳቅ ሞትን።

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

ሚስስ ሊን የትርሲትን ሁለቱንም እጆች ያዘች፣ ምላሷን አየች፣ ያለፉትን ወራት ጠየቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። “የሷ ሰውነት ጥሩ ነው። ደሟ ጥሩ ነው። ሆስፒታሉም ጥሩ ነው ብሏታል። አሁን ባልየው ይመርመር። እኔ ጋ ሳይሆን ሆስፒታል ሄዶ ዘሩን ያስመርምር። ብዙ ጊዜ ችግሩ የባል ይሆናል፤ ማንም አይጠይቅም እንጂ። እሷን ብቻ ማከም ልክ አይደለም። ይህን ንገሪያት።”

ትርሲት ዓይን ዓይኔን ታያለች። “ምን አለች፣ እትዬ?”

በዚያች ቅጽበት የማውቀውን እናንተም እወቁ። ጌታሁን ጎረምሳ ሳለ ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር፤ ጉንጩን ብቻ ሳይሆን ታች ወርዶ አበጠና ሳምንታት ተኛ። የዚያን ጊዜ ሐኪሙ እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ ምናልባት ላይወልድ ይችላል አላት። እናቴ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። “ለሱ እንዳትነግሪው፤ ወኔው ይሞታል” አለችኝ። እሷ ካረፈች ቆይታለች። ስለዚህ በዓለም ላይ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሠርጉ ላይ እልል ስል አውቅ ነበር። ትርሲት ያን መራራ ነገር ስትጨልጥ አውቅ ነበር። ምናልባት የተባለው አይደርስ ይሆናል እያልኩ አልፈው ነበር።

“ማህፀንሽ ገና አልሞቀም አለች” አልኳት። “ቀጥዪ፣ ታገሺ አለች።”

ትርሲት ራሷን ነቀነቀች። ሚስስ ሊን “ምን አለች?” አለችኝ። “ኦኬ ብላለች፤ ባሏን ታመጣዋለች” አልኳት። በሁለቱ ሴቶች መሀል ቁጭ ብዬ ለሁለቱም ዋሸሁ። ሁለቱም አመሰገኑኝ።

ለምን አደረግሁት? ይህን ጥያቄ ከራሴ ጋር እንደ እንግዳ ነገር አገላብጬ አየዋለሁ። ለወንድሜ ክብር ነው? አዎ። ለእናቴ ቃል ነው? እሱም አለበት። ትርሲት ጥላው እንዳትሄድ ፈርቼ ነው? አዎ። ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ለማየት ዓመታት ወስዶብኛል። ያን ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ ቅዳሜያችን ያበቃ ነበር። የምትፈልገኝ ሰው አታስፈልጊኝም ልትለኝ ነው። በሰው ማህፀን ቅዳሜዬን ገዛሁ። እውነቱ ይኼው ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሚስስ ሊን ባልየው የታለ ብላ ጠየቀች። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ሲደጋገምባት ለትርሲት መድኃኒት መስጠት አቆመች። “ጤነኛ ሴት መድኃኒት አያስፈልጋትም። ከፈለገች ይህን ትጠጣ፤ ምግብ ነው” ብላ ቀይ ቴምርና ሌላ ጣፋጭ ፍሬ ጠቀለለችልን። እኔ መኪና ውስጥ ለትርሲት “ይኼ አዲሱ፣ ጠንካራው ነው” አልኳት።

በነጋታው ደወለችልኝ። “እትዬ፣ ይሄኛውኮ አይመርም። እንደውም ይጣፍጣል።”

“ሰውነትሽ እየተቀበለው ስለሆነ ነው” አልኳት። ደስ አላት። ይህች ደስታዋ ናት ከሁሉም በላይ የምታሳፍረኝ።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። በቤተ ክርስቲያን ጌታ ልጅ ያልሰጣቸው እህቶች ወደፊት ይምጡ ሲባል ትርሲት ትወጣለች፤ እጅ ይጫንላታል፤ ታለቅሳለች። ጌታሁን ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። አውቆ አይደለም፤ ማንም አንተም ውጣ አላለውም። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አሜን እላለሁ።

አንድ ቀን ትርሲት እኔ ቤት መጣችና “እትዬ፣ እኔ መሄዴ ነው” አለችኝ። “ጌታሁን ጥሩ ሰው ነው። ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ግን ሰዎች ልጅ ሲያነሱ ሲያይ ፊቱን አየዋለሁ። የምትወልድለት ያግባ። እኔ ልነግረው አልቻልኩም፤ አንቺ ንገሪልኝ።”

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አፌ ላይ ነበር። “አስበሽበታል?” አልኳት እንጂ ሌላ አላልኩም። ለወንድሜም የሷን ቃል ሳላዛባ አደረስኩለት። ያኔ አስተርጓሚነቴ ልክ ሆነ።

ተፋቱ። እሷ አንዲት አሮጊት ለመንከባከብ ፓሳዴና ገባች፤ ቤተ ክርስቲያንም ቀየረች። ጌታሁን ቆይቶ ሌላ አገባ። ሁለተኛዋ ሚስቱ ዓመት እንኳ ሳይሞላት “ሁለታችንም እንመርመር” ብላ ይዛው ሄደች። ውጤቱ የመጣ ቀን ፌርፋክስ ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ጠራኝ። ገብቼ አጠገቡ ስቀመጥ መሪውን እንደያዘ ነው።

“ችግሩ እኔ ነኝ” አለኝ። “ትርሲትን በከንቱ አንከራተትኳት።” ወደ እኔ ዞረ። “ያቺ ቻይናዊት እኔም እንድመረመር አላለችም ነበር?”

“አላለችም” አልኩት።

ይህን ማን አስገደደኝ? ማንም። እሱ ሲያለቅስ ጀርባውን እያሻሸሁ “ጌታ ያውቃል” እለው ነበር። ጌታ ያውቅ እንደነበረ አልጠራጠርም።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ የምሠራበት ክሊኒክ መስኮት ፊት ትርሲት ቆማ አገኘኋት። የምትንከባከባትን አሮጊት ይዛ ነው የመጣችው። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖናል። ጉንጬን ሳመችኝ። እንግሊዝኛዋ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ የአሮጊቷን ጉዳይ ሁሉ ራሷ ጨረሰች። ልትሄድ ስትል “እትዬ፣ ያቺ ቻይናዊት ሐኪም አለች?” አለችኝ። “የወር አበባዬ እንደገና ተዘባርቆብኛል። ዕድሜ ነው መሰል። አሁን አላስቸግርሽም፤ ቋንቋውን ችዬዋለሁ፤ ብቻዬን ሄጄ አናግራታለሁ።”

ልጠይቅልሽ ብያት፣ በዚያው ሳምንት ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ወደ ሱቁ ነዳሁ። የሄድኩት ለመናዘዝ እንዳይመስላችሁ። ሚስስ ሊንን እባክሽ አትንገሪያት ብዬ ልለምናት ነው።

መሳቢያዎቹ የሉም። ሱቁ ጣፋጭ ድቡልቡል ነገር የሚጨመርበት ቀዝቃዛ ሻይ የሚሸጥበት ቤት ሆኗል፤ ወጣቶች ተሰልፈዋል። የዳቦ ቤቱን ሴትዮ ጠየቅኋት። ሚስስ ሊን ጡረታ ወጥታ ወደ አገሯ ከተመለሰች ቆይታለች አለችኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ድኛለሁ። ከእንግዲህ ማንም ሊነግራት አይችልም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔም ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁት። አልመጣም። በምትኩ የተሰማኝ ፍርሃት ነው፤ ሚስስ ሊን እስካለች ድረስ እውነቱ ከእኔ ውጭም አንድ ቦታ ይኖር ነበር። አሁን ያለው እኔ ውስጥ ብቻ ነው። እኔ ከሞትኩ ትርሲት እስከ ዕለተ ሞቷ በማታውቀው ነገር ራሷን እየወቀሰች ትኖራለች።

ስልኬን አነሳሁና እሁድ ከሰዓት ላግኝሽ አልኳት።

የምትንከባከባት አሮጊት ስትተኛ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኳት። ጆሮ ደግፉን፣ እናቴን፣ ያን ቀን፣ ቴምሩን፣ ጌታሁን በኋላ የጠየቀኝን። አላቋረጠችኝም።

“ሐኪሟ ምን ነበር ያለችው?” አለችኝ ስጨርስ። “እሷ እንዳለችው ንገሪኝ። በእንግሊዝኛ ንገሪኝ፤ አሁን ይገባኛል።”

ነገርኳት። አንድም ቃል አልረሳሁትም ነበር። የሷ ሰውነት ጥሩ ነው፤ ደሟ ጥሩ ነው። ትርሲት በከንፈሯ ብቻ ተከትላ ደገመችው።

“ጌታሁን ያውቅ ነበር?”

“አያውቅም። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።”

“እንኳንም አላወቀ” አለች። “እሱን እንኳ ጠልቼ ልቀመጥ አልፈልግም።” ከዚያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መንገዱን እያየች ተናገረች። “ከሱ ከተለያየን በኋላ አንድ ሰው ሊያገባኝ ፈልጎ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ ሰው። ልጅ ይወድ ነበር። መሀን ነኝ፣ ሌላ ፈልግ ብዬ መለስኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር።”

ይህን አላውቅም ነበር። ጥፋቴን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

“ትርሲት” አልኩ።

“ሂጂልኝ አሁን” አለች። አልጮኸችም። “ለጌታሁንም ራስሽ ንገሪው። እኔ አልነግርልሽም።”

በማግሥቱ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ ከመኪናዬ ወረደና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስደውል ሚስቱ ናት የምታነሳው።

ትርሲት ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ብላ አልጠራችኝም፤ ጭራሽ አልጠራችኝም። እኔም ደጇ ሄጄ አላንኳኳሁም፤ ይቅርታ ብዬ መሄድ አሁንም ከሷ አንድ ነገር መፈለግ መሆኑ ገብቶኛል። ያነበባችሁኝ ሰዎች፣ እናንተም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። ስለ እናቴ ቃል፣ ስለ ወንድሜ ክብር፣ ስለ ብቸኝነቴ የጻፍኩትንም ለማስተባበያ አትውሰዱብኝ። ሐኪሟ ንገሪያት አለችኝ፤ ትርሲት ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ ሰምቼዋለሁ፣ ገብቶኛል፣ ዋሸኋት።